የባሕር ሣር ጭማቂ ይዤ ወደ አስመራ

ከአስመራ ከተመለስኩ ወዲህ ቢሾፍቱ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ከተማይቱ ይጠይቀኛል። መንገዱ እንደሚወራው የተስተካከለ ነው ወይ? ሰዉ ሁሉ ጣልያንኛ ይናገራል ወይ? እኔ ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ስቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቲማቲም ማሳ ውስጥ ተንበርክኬ ነው። ወደዚያ የመሄድ ዕድል የማይገጥማችሁ ብዙዎች ስለሆናችሁ፣ ያየሁትን በየቀኑ እንደ ያዝኩት አጫውታችኋለሁ። የሕንጻውን ነገር ከሌላ ሰው ስሙ።

የተላክሁበት ጉዳይ ይህ ነው። እኔ በእርሻ ሙከራ ጣቢያ ረዳት ነኝ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ በሰሜን በኩል ሳይዘልቅ ቀረ። አለቃዬ ከውጭ አገር የመጣ ጥቁር ፈሳሽ አራት ጣሳ አገኘና አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝ። ፈሳሹ ከባሕር ሣር ተቀቅሎ የወጣ ጭማቂ ነው፤ በብዙ ውሃ አቅጥነው በቅጠል ላይ ሲረጩት ተክሉ ጥምን እንዲችል ያግዘዋል ይላል አብሮት የመጣው ወረቀት።

“አስመራ አንድ ፈቃደኛ አትክልተኛ አግኝተናል” አለኝ አለቃዬ። “ሂድና ሞክረው። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ከመጪው ዘር በፊት ለየጠቅላይ ግዛቱ እናከፋፍላለን።”

ጥሩ ካልሆነስ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

የመጀመሪያው ቀን

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው የተነሣሁት። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሲወጣ ጣሳዎቹን ከመቀመጫዬ ሥር አስቀምጬ የልብስ ሻንጣዬን ደገፍ አደረግሁባቸው። እስከ ጣርማ በር ሰላም ነበር። ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን አንደኛው ጣሳ ክዳኑ ላላና ደብረ ሲና ስንደርስ ሻንጣዬ በስብሶ ነበር።

ሽታው የባሕር ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ግን የሚያውቀው የዓሣ ሽታ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሰብሰብ አድርገው፣ “ልጄ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ዓሣ ይዘህ ነው የምትሄደው?” አሉኝ። የተክል መድኃኒት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ “ተክል ደግሞ ምን ያመዋል? የሚያመው ጥም ነው” አሉኝ። እሱን ነው የሚያክመው አልኳቸው። ደሴ እስክንገባ መልሰው አላናገሩኝም። ስንወርድ ግን ቆሎ አፍሰው በእጄ ላይ አደረጉልኝና፣ “እውነት ከሆነ እኛም ጋ አምጣው” ብለው ሄዱ።

ደሴ ያደርኩበት ሆቴል ሽሮው ጥሩ፣ አልጋው ግን ቁንጫ ነበረበት። ሻንጣዬን ውጭ አሳደሩብኝ።

ሁለተኛው ቀን

ከወልድያ በኋላ ያለውን ሜዳ በመስኮት እያየሁ ሄድኩ። እኛ አገር ጥር ሲሆን ገለባው በየአውድማው ይከመራል። እዚያ የማሽላው አገዳ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ እንደ ቆመ ነበር፤ ከብት ገብቶበት ይለቅመዋል። ያን እያየሁ በእግሬ መካከል ያሉትን ጣሳዎች ደጋግሜ ነካሁ። እውነት ለመናገር ያን ቀን እንዲሠራ እንጂ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ አልነበረም የምጓዘው። ይህ ስሕተቴ እንደ ነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። መቀሌ በምሽት ደረስን፤ ድካሙ እራት እንኳ አላስበላኝም።

ሦስተኛው ቀን

ሰንዓፌ ላይ ፍተሻ ነበር። አንድ ወታደር ጣሳ ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ወረቀቴን አሳየሁት። “ለቅጠል?” አለ። “አዎ፣ ለቅጠል።” ለባልደረባው ጠቆመውና ሁለቱም ሳቁ፤ አለፍን። በዚያ መንገድ ላይ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል፤ ወታደሩ ግን ገና እንግዳ እንደሆነ፣ ሰዉም እንግዳ ሆኖ እንደሚያየው ሳይነግሩኝ ተረዳሁ። እኔም አፌን ስከፍት ከየት እንደ መጣሁ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ መናገር ጀመርኩ።

አስመራ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ብርዱ የሚገርም ነው። አትክልተኛው ከልጃቸው ጋር ሆነው ፌርማታው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ረዥም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ በድሮ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበዋል። ስማቸው ኪዳነ ነው፤ ሁሉም ኣቦይ ኪዳነ፣ አባባ ኪዳነ እንደ ማለት፣ ይላቸዋል። ልጃቸው ምሕረት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ አማርኛዋ እንደ መጽሐፍ የተስተካከለ ነው።

“እንኳን በደኅና መጡ” አለችኝ። “ዐማርኛ ለአባቴ ይከብደዋል። እኔ እተረጉማለሁ።”

አለቃዬ አንድ ፔንሲዮን አስይዞልኝ ነበር። የፔንሲዮኑ ባለቤት በሩን ከፍታ ሻንጣዬን አየች፤ አየሩን ሳብ አደረገችና ክፍል የለም አለች። ቁልፎቹ ከኋላዋ በሰሌዳው ላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ምሕረት ልትከራከር ስትል አባትየው ክንዷን ያዙና በትግርኛ አንድ ነገር አሏት።

“ከእኛ ጋር ይደር ይላል” አለችኝ። “ሽታውን ማሳው ይለምደዋል፣ እኛም ከማሳው አንለይም ይላል።”

ቤታቸው ዓኽርያ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ሁለት ክፍልና ትንሽ ግቢ። ሚስታቸው ኣደይ ዝማም አጭር፣ ፈጣን፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ሻንጣዬን ከእጄ ተቀበሉና ልብሴን በሙሉ አወጡ። ኧረ ተዉ ብል፣ “ኣጆኻ፣ ወደይ” አሉኝ። አይዞህ ልጄ ማለት ነው። ያን ምሽት ልብሴን ሦስት ጊዜ አለቀለቁት። እራት ፓስታ በበርበሬ ስጎ በላን፣ ባኒ ከሚሉት ትንሽ ዳቦ ጋር። ቢሾፍቱ ፓስታ የሆቴል ምግብ ነው፤ እዚህ እንደ ሽሮ በየቤቱ ይሠራል።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ከኣቦይ ኪዳነና ከምሕረት ጋር በእግር ወደ ማሳው ሄድን። የእኛን ጥቁር አፈር ለለመደ ሰው ያ አፈር ቀይና ስስ ነው፤ ድንጋዩ ከመሬቱ ይበዛል። ኣቦይ ኪዳነ ግን ድንጋዩን እየለቀሙ አጥር አድርገውታል። መካከሉ ላይ የውሃ ጉድጓድ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ውሃው ከታች እንደ ሳንቲም ያብለጨልጫል።

“ባለፈው ዓመት እስከዚህ ነበር” አሉኝ፣ በራሳቸው አማርኛ፣ በእጃቸው ደረታቸውን እያሳዩ። “ማዩ… ውሃው ሄደ። ኮሚደሮው ቀረ።” ቲማቲሙን ኮሚደሮ ነው የሚሉት።

ቲማቲሙ አብቦ ፍሬ መያዝ ጀምሯል። ጉድጓዱ ሁሉንም እስከ ለቀማ እንደማያደርስ ሦስታችንም አውቀናል። ስምንት መስመር መረጥኩ። አራቱን በባሕር ሣሩ ጭማቂ፣ አራቱን በተራ ውሃ እንደምረጭ፣ ከሥር የሚጠጡት ውሃም ለስምንቱም እኩል እንደሚሆን አስረዳሁ። ምሕረት ተረጎመች። ኣቦይ ኪዳነ ረዘም ያለ ነገር መለሱ።

“መድኃኒት ካለህ ለምን ግማሹን ትነፍገዋለህ ይላል።”

“ካልነፈግሁት መድኃኒቱ እንደሠራ በምን አውቃለሁ?”

ይህንን ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። “እወ” አሉ። እሺ ማለታቸው ነው፤ ፊታቸው ግን እሺ አላለም። መርጫውን፣ እነሱ ፖምፓ ይሉታል፣ አዘልኩና ጤዛው ሳይደርቅ የቅጠሉን ላይና ታች ረጨሁ። አንድ ኩባያ ጭማቂ ለአንድ ሙሉ መርጫ ነው። ስጨርስ አራቱ መስመሮች ከሌሎቹ ምንም አልተለዩም። ኣቦይ ኪዳነ ሌላ ነገር የሚጠብቁ ይመስል ትንሽ ቆመው አዩዋቸው።

ከአምስተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ቀን

ሥራው መጠበቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ማሳ እወርዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ምሕረት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከተማ ታሳየኛለች። ማታ ሲል ሰዉ ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ ዋናውን መንገድ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድ ብጠይቅ የትም አለችኝ። እኛ አገር ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው ሥራ ፈት ይባላል። አንድ ቡና ቤት ገብተን ሻሂ ጠጣን። አስተናጋጁን በአማርኛ ሳዘው መለሰልኝ፤ ግን ቃሉን አሳጥሮ። ምሕረት አየችኝ።

“አይቀየሙ” አለች። “እኔ ራሴ ዐማርኛን የማውቀው ከመጽሐፍና ከማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ቋንቋው የሚያዘን እንጂ የሚጠይቀን አይመስለንም ነበር።”

“አሁንስ?”

“አሁን በየቀኑ ስለ ቅጠል ይጠይቁኛል። ለቅጠል የሚሆን ቃል ከመጽሐፉ እያጣሁ ነው።” ከዚያም ‘ጠወለገ’ እና ‘ሟሸሸ’ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ምሽት እስከ ቤት እሱን ስናወራ ሄድን።

በስምንተኛው ቀን ውሃ የተረጩት መስመሮች እኩለ ቀን ላይ ቅጠላቸውን ደፉ። ጭማቂ የተረጩት አልደፉም። በአሥረኛው ቀን ልዩነቱ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይታይ ነበር። የጎረቤት ገበሬዎች እየመጡ አዩ። አንዱ ከቅጠሉ በጥሶ አሸተተና ኪሱ ከተተው። ኣቦይ ኪዳነ በመስመሮቹ መካከል እየተመላለሱ ይነኳቸዋል። እኔም በአሥራ አንደኛው ቀን ሪፖርቴን መጻፍ ጀመርኩ። ‘ከተጠበቀው በላይ’ የሚል ቃል ነበረበት። በአውቶቡሱ ቆሎ የሰጡኝን እናት እያሰብኩ ነበር የምጽፈው።

አሥራ ሁለተኛው ቀን

ለሪፖርቱ የሥሩን ርዝመት ልለካ ፈለግሁና በማለዳ ብቻዬን ወርጄ ጭማቂ ከተረጨ አንድ ተክል ሥር በእጄ መቆፈር ጀመርኩ። አራት ጣት ያህል ስገባ አፈሩ እርጥብ ነበር። ውሃ ካጠጣን ሦስተኛ ቀኑ ነው። ወደ ሁለተኛው መስመር ሄድኩ፤ እርጥብ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ እርጥብ። ከሌሎቹ መስመሮች ብቆፍር ግን እስከ ክንዴ ደረቅ አፈር ነው። እዚያው ተቀመጥኩ።

ቤት ስመለስ ምሕረት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትወጣ ነበር። ያየሁትን ነገርኳት። ነጠላዋን መልሳ አስቀመጠች።

“እናቴ ናት” አለች። “ሁልጊዜ ጎሕ ሲቀድ ባልዲ ይዛ ስትወጣ አያታለሁ። ቧንቧ ጋ ተሰልፋ የምታመጣው የቤት ውሃ ነው። የት እንደምትወስደው ትናንት ነው ያወቅሁት፤ የተረጩትን መስመሮች የምትለየው በሽታቸው ነው። ልነግርዎ አፈርኩ።”

ኣደይ ዝማም ከጓሮ መጡ። ልጃቸው በትግርኛ ነገረቻቸው። አልካዱም፤ አልተደናገጡምም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው እኔን እያዩ ተናገሩ፤ ምሕረት እግር በእግር ተረጎመችልኝ።

“እዚህ ስትደርስ ሽተህ፣ ማደሪያ አጥተህ ነው የመጣኸው ትላለች። የላኩህ ሰዎች ባዶ እጅህን ስትመለስ ይቆጡሃል። እንግዳ ከቤቴ አፍሮ አይወጣም። የሰጠሁት ውሃ ነው፣ መርዝ አይደለም ትላለች።”

ምን ልበላቸው? እኔን ሊያተርፉ የቤታቸውን ውሃ በጭንቅላታቸው ተሸክመው አንድ ሳምንት ተመላልሰዋል። ልብሴን ሦስት ጊዜ ያለቀለቁትም ከዚያው ባልዲ ነበር። ተቆጣሁ ብል ውሸት ነው፤ አልተቆጣሁም ብልም ውሸት ነው።

“ንገሪያቸው” አልኳት ምሕረትን፣ “ይህን ወረቀት ብልክ ሌሎች ሰዎች ያምኑኛል። በየአገሩ ያለ ገበሬ ይህን ጭማቂ ተማምኖ የጉድጓዱን ውሃ ለሌላ ነገር ያደርጋል። ያኔ ተክሉ ሲሞት እኔ እዚያ አልኖርም። ባልዲ ይዘው የሚደርሱለት እናትሽም የሉም።”

ምሕረት ስትተረጉም ኣደይ ዝማም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ አሉ።

“ይህን በመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገረኝም? የነገረው ለኪዳነ ነው፤ ውሃ የምቀዳው ግን እኔ ነኝ ትላለች።”



አሥራ ሦስተኛው ቀን

ለአለቃዬ ቴሌግራም ላክሁ፤ ሙከራው ተበላሽቷል፣ ጊዜ ይሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፤ ያለውን ውጤት ይዘህ ተመለስ። ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ሌላ ቴሌግራም ላክሁ፤ የዓመት ዕረፍቴን ከዛሬ ጀምሮ እወስዳለሁ።

ማታ ለኣቦይ ኪዳነ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው የሚስታቸውን ነገር እስከዚያች ሰዓት አያውቁም ነበር። ሚስታቸውን አዩና ወደ እኔ ዞረው ተናገሩ።

“ከጉድጓዱ ማዶ ዘግይቼ የተከልኩት ስድስት መስመር አለ ይላል” አለች ምሕረት። “ገና ጥም አልያዘውም። ያን ውሰድ። አንድም ጠብታ አላጠጣም፣ ማንም አያጠጣም።”

“ሊሞትባቸው ይችላል እኮ። የዘንድሮ ተስፋቸው ነው።”

ይህን ራሳቸው ሰሙና በአማርኛ መለሱልኝ። “ወደይ፣ ጉድጓዱ ለሁሉም አይበቃም። እንዲሁ ከሚሞት፣ ነገር አስተምሮ ይሙት።”

ከአሥራ አራተኛው እስከ ሃያ አራተኛው ቀን

በዚህኛው ጊዜ ኣደይ ዝማም ራሳቸው ማሳ ወረዱ። መስመሮቹን እየነካሁ ለእሳቸው አስረዳሁ፤ ሦስቱ ጭማቂ፣ ሦስቱ ውሃ፣ ከሥር ምንም። ከአጥሩ ጠጠር ለቅመው ጭማቂ የተረጨበት መስመር ጫፍ ላይ አንድ አንድ አኖሩ፤ እንዳይሳሳቱ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ከእኔ ቀድመው እየመጡ ቅጠል የሚያዩት እሳቸው ሆኑ። ዓይናቸው ከእኔ ይበልጣል። እኔ ቅጠል መደፋቱን ሳይ፣ እሳቸው ገና የጫፉን መጠቅለል ያያሉ።

ከረጨን በኋላ በአምስተኛው ቀን ውሃ የተረጩት ሦስት መስመሮች ጠወለጉ። ጭማቂ የተረጩት ቆሙ። ስድስተኛውንም ቆሙ። ሰባተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ግን እነሱም እንደ ሌሎቹ ቅጠላቸውን ደፉ። ኣደይ ዝማም አጠገቤ ቆመው ነበር። ባዶ እጃቸውን አጣምረው ያዙት፤ ምን ያህል እንደሚከብዳቸው አየሁ።

ሁለት ቀን ጨመርንበት። ከዚያ ኣቦይ ኪዳነ ከጉድጓዱ ቀድተው ለስድስቱም መስመር እኩል አጠጡ። በማግሥቱ ማለዳ ጭማቂ ከተረጩት አብዛኞቹ ቀና ብለው ነበር። ከሌሎቹ ግን ብዙዎቹ አልተነሡም።

ይኸው ነው ያገኘነው። ጭማቂው ውሃ አይሆንም። ጥሙ ሳይደርስ አስቀድሞ ከተረጨ ተክሉን ሁለት ቀን ያህል ያቆየዋል፤ ውሃ ሲያገኝም ቶሎ ያነሣዋል። ሁለት ቀን ትንሽ ነው። ኣቦይ ኪዳነ ግን ትንሽ አላሉትም። “ጉድጓዱ ከደረቀ በሁለት ቀን መልሶ ይጠራቀማል” አሉ። የእኔ ወረቀት ይህን አያውቅም ነበር።

ሃያ አምስተኛው ቀን

የተረፈውን አንድ ጣሳ ለኣደይ ዝማም ሰጠሁ። ለባልየው ልሰጥ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እሳቸው ወደ ሚስታቸው ጠቆሙኝ። ስንለያይ “የቐንየለይ”፣ አመሰግናለሁ፣ አልኩ፤ ከትግርኛ በደንብ የምናገረው እሱን ብቻ ነው። ምሕረት አጠራሬን አርማኝ እስክለው ድረስ አልለቀቀችኝም። አውቶቡሱ ሲነሣ ሽማግሌው ካፖርታቸውን አውልቀው በመስኮት ሰጡኝ፤ ለቢሾፍቱ ብርድ ነው አሉኝ። ቢሾፍቱ ከአስመራ እንደማይበርድ ልነግራቸው አልፈለግሁም።

አለቃዬ ሪፖርቴን ቆሞ አነበበ። “ሁለት ቀን?” አለኝ። ሁለት ቀን አልኩት። “የመጀመሪያው ሙከራ ግን ጥሩ ነበር ብለህ ጽፈህ አቋርጠሃል።” የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ባልዲውንም ሳይቀር። ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ አስገባው። ጭማቂው ለየጠቅላይ ግዛቱ አልተከፋፈለም። ከዚያ በፊት ሌላ ሦስት ቦታ እንዲሞከር ታዘዘ፤ ሞክር የተባልኩትም እኔው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ቦታ ሄጄ ነበር፤ ወደ ዝዋይ በኩል ነው። ባለቤቱ ወንበር አምጥቶ ቅጹን እንድሞላ አስቀመጠኝ። የማሳው ስፋት፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የዘሩ ስም እያለ ይወርዳል ቅጹ። ሳልጽፍ ብዕሩን አስቀመጥኩና ውሃ የሚቀዳልዎ ማን ነው አልኩት። ሰውየው ግራ ተጋብቶ አየኝ። “ሚስቴና ልጄ ናቸው” አለ። እንዲጠራቸው ለመንኩት፤ እስኪመጡም ተነሥቼ ጠበቅኋቸው።